የተለገሰ ባና ስንት ብር ያወጣል? ደብረ ብርሃን ስላለ አንድ የሂሳብ ቢሮ

እኔ ዕቃ ስቆጥር ያረጀሁ ሰው ነኝ። የዕቃ ገቢ ደረሰኙን ሞዴል 19 ቆርጦ ማስገባት፣ የወጪውን ሞዴል 22 ቆርጦ ማውጣት፣ የእያንዳንዱ ዕቃ መግቢያና መውጫ የሚጻፍበትን ቢን ካርድ ከመደርደሪያው ጋር ማስታረቅ፤ ጡረታ እስክወጣ ሥራዬ ይኸው ነበር። አሁን ደብረ ብርሃን ውስጥ ተመዝግባ ለምትሠራ አንዲት አነስተኛ የበጎ አድራጎት ድርጅት መጋዘኑን በነጻ እጠብቃለሁ። ከየቤቱ የሚለገሰውን ብርድ ልብስ፣ ፍራሽ፣ ድስት፣ ሳፋ፣ ጀሪካን፣ አልፎ አልፎም አልጋና ቁምሳጥን እንቀበልና ለተፈናቃዮችና ጧሪ ለሌላቸው አረጋውያን እናድላለን። ይህን የምጽፈው ሂሳባችንን እንዲያስተካክልልን ስለቀጠርነው ቢሮ ነው። ቢሮው ጠባሴ በኩል ነው። ስሙን አልጠራም፤ ከምስጋናው ጋር ቅሬታም አለኝ፣ ከተማዋም ትንሽ ናት።

መጀመሪያ ለምን እንደቀጠርናቸው። የውጭ ኦዲተራችን ሪፖርት ላይ አንዲት አስተያየት በየዓመቱ ትመለስ ነበር፦ በዓይነት የተገኘው ልገሳ በሂሳብ መዝገቡ ላይ አይታይም። ቆጠራው አለ። ስንት ብርድ ልብስ ገባ፣ ስንት ወጣ፣ ማን ፈርሞ ወሰደ ቢባል በደቂቃ አወጣለሁ። ብሩ ግን የለም። መዝገቡን ላየ ሰው ድርጅታችን ባንክ የገባላትን ጥሬ ገንዘብ ብቻ እያየች የኖረች ትመስላለች፤ መጋዘኗ እስከ ጣሪያው ሞልቶ እያለ።

የተስማማንበት ክፍያ ለማስጀመሪያ 15,000 ብር፣ ከዚያ በኋላ በወር 4,000 ብር ነው። እንደኛ ላለው ድርጅት ቀላል ገንዘብ አይደለም። ሊቀ መንበራችን «በዚህ ብር ስንት ፍራሽ ይገዛ ነበር» ብለው ሲሟገቱ ውለው ነበር የፈረሙት።

የመደቡልን ሂሳብ ሠራተኛ ወጣት ሴት ናት። ፋይል ያቅርቡልኝ ከማለቷ በፊት «ጋሼ፣ እስቲ መጋዘኑን ያሳዩኝ» አለች። ለእኔ ይህ ብቻውን ትልቅ ነጥብ ነው። ዕቃውን ሳያይ ሂሳቡን የሚሠራ ስንቱን አሳልፌአለሁ።

ሕጉን ያስረዳችንም ያው እዚያው ፍራሽ ላይ ተቀምጣ ነው። በፋይናንስ ሪፖርት አዋጅ ቁጥር 847/2006 መሠረት የበጎ አድራጎት ድርጅት ሂሳቡን የሚይዘው ኢፕሳስ በሚባለው ዓለም አቀፍ የመንግሥት ዘርፍ የሂሳብ አያያዝ ደረጃ ነው፤ ይህን የሚከታተለውም የኢትዮጵያ የሂሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድ ነው። በዚያ ደረጃ ያለ ክፍያ የተገኘ ዕቃ በተረከብንበት ቀን ባለው ትክክለኛ የገበያ ዋጋ ይመዘገባል፦ በአንድ ወገን ንብረት፣ በሌላ ወገን ገቢ ሆኖ። ሲታደል ደግሞ ከንብረት ይወጣና ወጪ ይሆናል። እኔ በሚገባኝ መንገድ ስተረጉመው፣ ሞዴል 19 ላይ ድሮም የዋጋ ዓምድ አለ፤ እሱን ባዶ አትተዉት ማለት ነው።

ዋናው ጣጣ ዋጋው ከየት ይምጣ የሚለው ነው። ይህ ቢሮ ገንዘቡን የሚያስከፍልበት ቦታም እዚህ ላይ ነው።

አዲስ ሆኖ ከነደረሰኙ የመጣ ዕቃ አያስቸግርም። የፋብሪካ ብርድ ልብስም አያስቸግርም፤ ደብረ ብርሃን ላይ ተቀምጦ የብርድ ልብስ ዋጋ ጠፋኝ የሚል ሰው የለም። ግን ባናስ? አንዲት እናት ከመሐል ሜዳ ይዘውት የመጡ ባና ነበር። ከበግ ጠጉር የተፈተለ፣ ወፍራም፣ ለገላ የሚኮሰኩስ፣ በኅዳር ውርጭ ግን ሁለት የፋብሪካ ብርድ ልብስ የሚያስንቅ። የእናታቸው ነበር፤ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነው የሰጡን። ሊቀ መንበሩ «ይህ ቅርስ ነው፣ 10,000 ብር ይጻፍ» አሉ። ገንዘብ ያዣችን ደግሞ «ያረጀ ነገር ነው፣ ዜሮ ይሁን» አለ። ልጅቷ ሁለቱንም አልሰማችም። ፎቶ አነሳችው፣ በሜትር ለካችው፣ ገበያ ቀን ጠብቃ ባና ሻጮቹ ዘንድ ሄደች። አዲሱ ስንት ነው አለች፤ ይህን የመሰለ ያገለገለ ቢሆን ስንት ትሸጡልኛላችሁ አለች፤ መልሳ ደግሞ ስንት ትገዙኛላችሁ አለች። ነጋዴ ሲገዛና ሲሸጥ ያለውን ልዩነት ካየች በኋላ አንድ ተራ ሰው ያንን ባና ለመግዛት የሚከፍለውን ጻፈች፤ ከማን እንደጠየቀችና በምን ቀን እንደሆነም ከጎኑ አሰፈረች። ለሊቀ መንበሩ የሰጠችው መልስ «የእትዬን ትዝታ መመዝገብ አንችልም ጋሼ፣ ባናውን ግን እንችላለን» የሚል ነበር። እሳቸው አኮረፉ፤ እኔ ሳቅሁ።

ከዚያ ወዲህ የዋጋ ዝርዝር አለን። ለእያንዳንዱ ዕቃ ሦስት ደረጃ፦ አዲስ፣ ደህና ያገለገለ፣ የተጎዳ። ዝርዝሩ በየሦስት ወሩ ይታደሳል፤ በአሁኑ ገበያ የጥቅምት ዋጋ ለሚያዝያ አይሆንምና። ዕቃ ሲገባ ደረጃውን የምወስነው እኔና አንድ የኮሚቴ አባል ሆነን ነው፤ ሁለታችንም እንፈርማለን። ከሦስተኛው ደረጃ በታች የሆነውን ገቢ አድርገን አንመዘግብም። መሐሉ የሰመጠ ፍራሽ፣ የተሰነጠቀ ምጣድ፣ እጀታ የሌለው ድስት ሰው የሚሰጠን አንዳንዴ ከቤቱ ለማውጣት ብሎ ነው፤ እግዜር ይስጥልኝ ብለን እንቀበላለን፣ መዝገብ ላይ ግን አይወጣም። ለቆራሌው ሸጠን ብር ካገኘንበት ያኔ የተገኘው ብር በደረሰኝ ገቢ ይሆናል። የድሮ አለቃዬ ቢሰማ ደስ ይለው ነበር።

አንድ ፍሪጅ ጉድ አፍልቶ ነበር። ለማደል አይመች፣ ለአንዱ ቢሰጥ ሌላው ይቀየማል፤ ስለዚህ ቢሮ ውስጥ እንዲቀመጥ ተወሰነ። እኔ ከመጋዘን ሞዴል 22 ቆርጬ ላወጣው ነበር ያሰብሁት። እሷ ለራሳችን አገልግሎት ከቀረ ቋሚ ንብረት ነው፣ የንብረት ቁጥር ይለጠፍበት፣ በየዓመቱ እርጅና ይታሰብለት አለች። በነጻ የሚጭኑልን የባጃጅና የጋሪ ልጆች ጉልበትስ ብዬ ስጠይቃት፣ አገልግሎት በነጻ ሲገኝ ደረጃው መመዝገብን እንደማያስገድድ ነግራኝ በሪፖርቱ ማብራሪያ ላይ አንድ አንቀጽ ጽፋላቸዋለች። ልጆቹ ሳነብላቸው በጣም ደስ አላቸው።

አሁን ወደ ሊቀ መንበሩ ልመለስ፤ ይህን ሳልጽፍ ባልፍ ግምገማው ጎደሎ ይሆናል። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የአስተዳደር ወጪ ከጠቅላላ ገቢ 20 በመቶ እንዳይበልጥ ያዛል። እንበልና ድርጅቱ በዓመት 400,000 ብር ጥሬ ገንዘብ አገኘ፣ አስተዳደር ላይ 100,000 አወጣ። ሃያ አምስት በመቶ ነው፤ ጣሪያውን አልፏል። በዓይነት የተገኘው 200,000 ብር ሲመዘገብ ግን ጠቅላላ ገቢው 600,000 ይሆናል፣ ያው 100,000 ወደ 17 በመቶ ገደማ ይወርዳል። አንዲት ድስት ሳትጨመር፣ አንዲት ሳንቲም ሳትቀነስ። ሊቀ መንበሩ ይህን ሲያዩ ፊታቸው በራ። «እንግዲያው ዕቃውን ለምን 400,000 አንለውም?» አሉ።

ልጅቷ አልተቆጣችም፣ አልተሽቆጠቆጠችምም። «ጋሼ፣ ኦዲተሩ ከዝርዝሩ ላይ ሦስት ዕቃ መርጦ ገበያ ከወረደ ያበቃልናል» አለች። ቀጥላም ዋጋው የተሰበሰበበትን ወረቀት ሁሉ ከሪፖርቱ ጋር አያያዘችው፤ ማንም በኋላ ቁጥሩን ነካክቶ እንዳያሳድገው። በእኔ አስተያየት በወር የምንከፍለው 4,000 ብር ለዚህ ብቻ ቢሆንም አይቆጨኝም። የዕቃ ዋጋ ማሳበጥ ቀላል መሆኑን ግምጃ ቤት የሠራ ሁሉ ያውቀዋል፤ ማንም ሳይሰርቅ ሪፖርት ይዋሻል።

የለጋሾችን ግብር በተመለከተ ግን አመሰግናለሁም አማርራለሁም።

ጥሩውን ላስቀድም። ለለጋሽ የምንሰጠው ደረሰኝ ላይ የዕቃው ዓይነት፣ ብዛት፣ ይዞታ፣ የተረከብንበት ቀንና የድርጅቱ የምዝገባ ቁጥር አለ። ዋጋ የለውም። ለመዝገባችን የገመትነው ዋጋ የራሳችን ነው፤ ለጋሹ ለግብር የሚጠቀምበትን ቁጥር ከራሱ መዝገብ ያምጣ። ይህ ከብዙ ክርክር አድኖናል። አንድ መምህር ሶፋ ሰጥተውን ከደመወዛቸው ግብር ይቀነስልኝ ብለው ደረሰኝ ይዘው ሊሄዱ ነበር፤ ከመቀጠር በሚገኝ ገቢ ላይ የልገሳ ተቀናሽ እንደሌለ ቁጭ አድርጋ አስረዳቻቸው። ሶፋውን አልመለሱም፤ ተመስገን።

ሜሪላንድ የምትኖር የሰፈራችን ልጅም አንሶላና ፎጣ በሻንጣ ልካ ነበር፤ ደረሰኙ ላይ የዶላር ዋጋ ይጻፍልኝ አለች። ቢሮው ቀጥተኛ መልስ ሰጣት። በአሜሪካ ሕግ ለቤት ዕቃ ልገሳ ተቀናሽ የሚገኘው እዚያው እውቅና ላለው ድርጅት ሲሰጥ ነው፤ ዕቃውም ከ2006 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ወዲህ በደህና ይዞታ ላይ ያለ መሆን አለበት፤ በጥሬ ገንዘብ ያልሆነ ልገሳዋ ከ500 ዶላር ካለፈም ቅጽ 8283 የሚባለውን ትሞላለች። እኛ እዚያ የተመዘገብን አይደለንም። የምስጋና ደብዳቤ ጽፈን ላክንላት፤ ዶላር የሚል ቃል አልገባበትም።

ነጋዴው ጋ ስንደርስ ነው ነገሩ የተበላሸው። ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ያለው የከተማችን ሰው፣ ከሱቁ አዳዲስ ብርድ ልብስና የስፖንጅ ፍራሽ አወጣልን፤ መግዣው ወደ 80,000 ብር ነው። ከመስጠቱ በፊት ስለ ግብሩ ጠየቀን፣ እኛም ወደ ቢሮው መራነው። የገቢ ግብሩን በደንብ አስረድተውታል። የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 አንቀጽ 24 ለተመዘገበ የኢትዮጵያ በጎ አድራጎት ድርጅት፣ ወይም አደጋ ሲደርስ መንግሥት ላደረገው ጥሪ የተሰጠ ልገሳ ተቀናሽ እንዲሆን ይፈቅዳል፤ በዓመቱ ግብር ከሚከፈልበት ገቢ 10 በመቶ እንዳይበልጥ አድርጎ። ስለዚህ ግብር የሚከፈልበት ገቢው 600,000 ብር ቢሆን ጣሪያው 60,000 ነው፤ የቀረው 20,000 ጽድቁ እንጂ ተቀናሹ የለም። 60,000ውም ቢሆን ከግብሩ ላይ አይደለም የሚቀነሰው፣ ከገቢው ላይ ነው፤ በ30 በመቶ ሲሰላ ግብሩ በ18,000 ብር ይቀላል። ሰውዬው 80,000ው እንዳለ ከግብሩ ይነሳልኛል ብሎ ነበር የመጣው። ሌላም ነገሩት፦ ያ ዕቃ በተሸጠ ዕቃ ዋጋ ውስጥ ተቆጥሮ እንደገና ልገሳ ተብሎ ሁለት ጊዜ አይቀነስም። በቀጥታ ቻይና ካምፕ ሄዶ ለተፈናቃዮቹ በእጁ ቢያድል ደግሞ መልካም ሥራ ነው፣ ተቀባይ ድርጅትና ደረሰኝ ስለሌለ ግን ለግብር አይረዳውም። እስከዚህ ድረስ እንከን አላወጣላቸውም።

ስለ ተጨማሪ እሴት ታክሱ ግን ትንፍሽ አላሉም። ሰውዬው የቫት ተመዝጋቢ ነው፤ ብርድ ልብሶቹን ሲገዛ የከፈለውን ቫት አካክሷል፣ ማለትም ለመንግሥት ከሚያስገባው ቫት ላይ ቀንሶታል። ለንግድ ብሎ ገዝቶ ቫቱን ያካካሰበትን ዕቃ ለሌላ ዓላማ ሲያውለው፣ በነጻ ቢሰጠውም፣ እንደ አቅርቦት ተቆጥሮ 15 በመቶው ይጠየቅበታል። ይህን የሰማው ዕቃው ከታደለ በኋላ፣ ወርሃዊ የቫት ማስታወቂያውን ሲያዘጋጅ፣ ከራሱ ሂሳብ ሠራተኛ ነው። ስልክ ደውሎ የጮኸው ደግሞ እኔ ላይ። 80,000ው ላይ 15 በመቶ 12,000 ብር ነው፤ ከገቢ ግብሩ አተርፋለሁ ካለው 18,000 አብዛኛውን በላበት። ቀድሞ ቢያውቀው ኖሮ ይሰጥ ነበር፣ ሰውዬውን አውቀዋለሁ፤ ምናልባት ፍራሹን ቀንሶ ይሰጥ ይሆናል እንጂ አይከለክልም ነበር። ያናደደው ብሩ ሳይሆን ዘግይቶ መስማቱ ነው።

ለቢሮው ኃላፊ ሳነሳላቸው «ደንበኛችን እናንተ ናችሁ፣ እሳቸው አይደሉም፤ የጠየቁንም የገቢ ግብሩን ብቻ ነው» አሉኝ። በውሉ ካየነው ልክ ናቸው። ግን የጠየቁህን ብቻ መመለስ የጸሐፊ ሥራ ነው። ልጅቷ ራሷ በኋላ ይቅርታ ጠይቃኛለች፤ እኔ ግን ያልወደድኩት የኃላፊውን መልስ ነው።

ሁለተኛው ቅሬታዬ ቋንቋው ነው። ወርሃዊ ሪፖርቱ የሚመጣው በእንግሊዝኛ፣ ቀኑም በፈረንጅ። ሞዴል 19 ላይ ጥር 12 ብዬ የጻፍኩት እነሱ ኤክሴል ላይ ጃንዋሪ 20 ሆኖ ይገኛል፣ እኔም ሁለቱን ለማገናኘት መቁጠሪያ እንደሚደግም መነኩሴ በጣቴ ስቆጥር አመሻለሁ። ከድርጅታችን ቦርድ አባላት አብዛኞቹ ሪፖርቱን የሚያጸድቁት የመጨረሻውን ገጽ ድምር አይተው ነው። ስንነተርካቸው አንድ ገጽ የአማርኛ ማጠቃለያ ጀመሩ። ጥሩ ነው፤ ቀኑ ግን እስካሁን አልተስተካከለም።

ባዛር ለማድረግ ያሰብን ጊዜም አማክረናቸዋል። ብርጭቆ፣ የቡና ስኒ፣ የጌጥ ሳህን ይበዛብናል፤ ለተፈናቃይ ቤተሰብ የጌጥ ሳህን ምን ያደርግለታል? ሸጠን ብርድ ልብስ እንግዛበት አልን። አዋጅ 1113/2011 ገቢ ማስገኛ ሥራን ይፈቅዳል፤ ግን የተለየ የሂሳብ መዝገብና የባንክ ሂሳብ ይፈልጋል፣ የንግድና የግብር ሕጉም እንደማንኛውም ነጋዴ ይመለከተናል አሉን። ፈቃዱን ሳታወጡ አንዲት ስኒ እንዳትሸጡ የሚል ምክር በጽሑፍ ሰጡን። ሳህኖቹ አሁንም መደርደሪያ ላይ ናቸው፣ በየሦስት ወሩ እቆጥራቸዋለሁ።

እንግዲህ ማን ይሂድ? ዕቃ ተቀብሎ የሚያድል ድርጅት ካላችሁ፣ መዝገባችሁ ውስጥ ብዛት እንጂ ዋጋ ከሌለ፣ ኦዲተር በየዓመቱ አንዲት አስተያየት የሚደግምባችሁ ከሆነ፣ ከጫጫም ከደብረ ሲናም ቢሆን መምጣት ያዋጣል። ነጋዴ ሆናችሁ ከሱቃችሁ ልትለግሱ ከሆነ ግን ለገቢ ግብሩም ለቫቱም አንድ ላይ የራሳችሁን ሂሳብ ሠራተኛ ቀድማችሁ ጠይቁ፤ እዚህ ቢሮ ከሄዳችሁም ስለ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ጠይቁ፣ ያልተጠየቀ አይመለስም። ጊዜ ደግሞ ምረጡ። የደረጃ ሀ ግብር ከፋዮች የሚያስታውቁት እስከ ጥቅምት 30 ስለሆነ መስከረምና ጥቅምት ስልክ አያነሱም፤ መወጣጫው ላይ ተሰልፎ የሚጠብቀው ሰው ብዙ ነው። ከየካቲት እስከ ግንቦት ያለው ይሻላል። ስትሄዱ ቢን ካርዶቻችሁን፣ የርክክብ ሰነዶቹንና የታደለበትን የፊርማ ዝርዝር ይዛችሁ ሂዱ፤ እነዚህ ከሌሉ የማስጀመሪያው 15,000 እንደሚጨምር ነግረውኛል።

እኛ ውሉን ለቀጣዩ ዓመት አድሰናል። ሁለት ነገር አስገብተንበታል፦ ቀኑ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይሁን፣ ለጋሽ ነጋዴ ሲመጣ ስለ ቫቱ ሳይጠየቁ ይንገሩት። የመጀመሪያውን ኃላፊው ሳያንገራግሩ ፈረሙ። ለሁለተኛው በወር 500 ብር አስጨመሩን።